ስፓኒሽ ያልሆነው ስፓኒሽ

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ፣ ለእትዬ፤

ለመሆኑ እንዴት ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ ደረጃ ያስወጣሻል ወይስ አሁንም ግድግዳ ይዘሽ ነው? እማማ እንዴት ናት? ዓይኗ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ሰው መለየት ጀመረ? ባለቤትሽ ጋሼስ እንዴት ናቸው? ልጆቹስ? «ሁላችሁም እንደምን ከረማችሁ» ብዬ በአንድ ቃል ላልፍ ነበር፤ ስለ አንዳችሁ ሳስብ ሌላችሁ እየመጣችሁ ፊቴ ትቆማላችሁ፣ ሳልጠይቅ ማለፍ አቃተኝ። እኔ ተመስገን ነው፣ ቆሜ እሄዳለሁ፣ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። «ደህና ነኝ» የሚለውን ቃል ግን ለዛሬ ልተወው።

ሁለት እሁድ ሙሉ አለመደወሌን በክፉ እንዳትተረጉሚው። «አኩርፋ ነው» ሳትባባሉ አልቀራችሁም፤ ትልቋ ልጅሽም «አክስቴ፣ ምን አደረግንሽ?» ብላ መልእክት ልካለች። ምንም አላደረጋችሁኝም። መናገር ተከልክዬ ነው። የጉሮሮ ሐኪሙ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ አየኝና ድምፅ የሚያወጣው ሥጋ ላይ ሁለት እባጭ በቅሏል አለኝ። «ለሦስት ሳምንት አንድ ቃል እንዳይወጣሽ፤ ማንሾካሾክም ጭምር ክልክል ነው» አለ። አንቺ ሃያ ስምንት ዓመት ክሊኒክ የሠራሽ ሰው ነሽ፣ ከእኔ የበለጠ ይገባሻል። በስልክ እንዳልጽፍልሽ ነገሩ ረጅም ነው፤ በዚያ ላይ አንቺ መነጽርሽ ጠፋኝ እያልሽ «ምን ትላለች፣ አንብቡልኝ» ብለሽ ቤቱን ሁሉ ትሰበስቢያለሽ። ይሄ ላንቺ ብቻ ነው። መነጽርሽን ፈልጊ።

ስለ ሥራዬ ስትጠይቂኝ ሁልጊዜ «ልጆች አስተምራለሁ» ብዬ ነው የማልፈው። ያኔ ለትምህርት ተልኬ ከኖርኩበት አገር ይዤው የመጣሁት ስፓኒሽ፣ «ደግሞ ይሄ ምን ይሠራልሻል?» ትሉኝ የነበረው፣ መተዳደሪያዬ ከሆነ ዘጠኝ ዓመት አለፈው። ተማሪዎቼ ከአምስት እስከ ዘጠኝ ዓመት ያሉ፣ አማርኛ ሰምተው የማያውቁ የዚህ የሰው አገር ልጆች ናቸው። ትምህርት ቤቱ «ልጅ የሚማረው በራሱ ፍላጎት ነው» የሚል ትምህርት ቤት ነው። ደወል የለም፣ ፈተና የለም፣ ቀይ እስክሪብቶ የለም። ዴስክ ተደርድሮ አታዪም፤ ምንጣፍ ላይ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። አስተማሪን በስሙ ብቻ ይጠሩታል። አንድ ልጅ «ዛሬ ስፓኒሽ አልፈልግም» ካለ አለመፈለጉ ይከበርለታል፣ ጥግ ሄዶ ትራስ ላይ ይጋደማል። እኛ እኮ፣ እትዬ፣ አለመፈለግ የሚባል ነገር መኖሩን ያወቅነው ካደግን በኋላ ነው። እያሾፍኩ እንዳይመስልሽ፤ ልጅ ሳይፈራ ሲጠይቅ ማየት ደስ ይለኛል። ግን ሳይፈሩ የሚጠይቁት ሃያ ሦስት ሲሆኑ፣ ያም በቀን ሰባት ጊዜ ሲሆን፣ መልስ ሰጪዋም ሰው ናት።

የራሴ ክፍል የለኝም። አንድ ጎማዋ የምታነክስ ጋሪ አለችኝ፤ ሥዕሎቼን፣ የላስቲክ ፍራፍሬዎቼን፣ ከአሮጌ ካልሲ የሰፋኋትን አህያ ጭኜ ከክፍል ክፍል እገፋለሁ። አህያዋ ስፓኒሽ ብቻ ነው የምትችለው፤ ሊያናግሯት የፈለጉ በእሷው ቋንቋ መናገር አለባቸው። በየክፍሉ ያንኑ መዝሙር እዘምራለሁ፣ ያንኑ እዘላለሁ፣ እንደ አዲስ እገረማለሁ። ቤት በስፓኒሽ «ካሳ» ነው፤ ፊት ደግሞ «ካራ»። «ካራችሁን አሳዩኝ» ስላቸው ሃያ ሦስት ፈገግታ ይመጣልኛል። በእኛ አማርኛ ብላቸው ኖሮ ፖሊስ ይጠራ ነበር።

ዘንድሮ ከጥቅምት ጀምሮ ድምፄ ይሻክር ጀመር። ጠዋት ጠዋት ዘይት እንዳጣ በር ሲጢጥ ይላል። ለማንም አልተናገርኩም። የወላጆች ኮሚቴ «ልጆቹ ቋንቋውን በታብሌት ለምን በራሳቸው አይማሩም?» የሚል ሐሳብ አምጥቶ ነበርና፣ «ስፓኒሿ ታመመች» ቢባል ለእነሱ ሰበብ ነው ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ማር በሞቀ ውኃ እየጠጣሁ፣ ከረሜላ እየመጠጥኩ ገፋሁበት። ላንቺም በስልክ «ትንሽ ጉንፋን ነው» እያልኩ አራት ወር ሸወድኩሽ። አንቺን፣ ነርሷን!

ዝናብ የጀመረ ሰሞን ነው ጉዱ የመጣው። ልጆቹ ለሦስት ቀን ውጪ ሳይወጡ ስለዋሉ ክፍሉ የተነካ የንብ ቀፎ ሆኖ ጠበቀኝ። ሁለተኛ ክፍሎች ናቸው። የክፍሉ አስተማሪ ለስብሰባ ተጠርቶ ብቻዬን ነኝ። አንዷ የቀለም ውኃ ሥዕሎቼ ላይ ደፋች፤ ሁለቱ አህያዋን ከዚህና ከዚያ ሲጎትቱ ጆሮዋ ተገነጠለ። «ሲሌንሲዮ፣ ፖር ፋቦር» አልኩ፤ ዝምታ፣ እባካችሁ ማለት ነው። የሰማኝ የለም። ደግሜ አልኩ፤ ድምፄ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ከዚያ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ «ኧረ ዝም በሉ! ናላዬን አዞራችሁት!» ብዬ ጮህኩ። በአማርኛ፣ እትዬ። አንቺን ቁርጥ! ያኔ እማማ ሥራ ውላ እስክትመለስ አንቺ ስትጠብቂን የምትጮሂብን ጩኸት ራሱ።

ክፍሉ እርጭ አለ። ከመካከላቸው የፊት ጥርሶቿ የወለቁ አንዲት ልጅ አለች፤ ሁሉን ነገር «ለምን?» ስለምትል በሆዴ «እመት ለምን» እላታለሁ። እሷ ቀስ ብላ «ናላዬናዞራችት» አለች። አጠገቧ ያለው ተቀበላት። ወዲያው ክፍሉ በሙሉ በሳቅ እየፈረሰ «ናላ! ናላ!» ይል ጀመር። «አዲስ ስፓኒሽ ነው? ምን ማለት ነው?» አለችኝ እመት ለምን። እውነቱን መናገር የነበረብኝ ይሄኔ ነበር። ነገር ግን እዚያ ትምህርት ቤት ልጅ ላይ መጮህ ከነውር ሁሉ የባሰ ነውር ነው። «ደስ የሚል ጫጫታ ማለት ነው» አልኳት። በሳምንቱ ለዘበኛውም፣ ለምግብ ቤቷ ሠራተኛም፣ እርስ በርሳቸውም የሚባባሉት እሱን ሆነ። ዘጠኝ ዓመት ካስተማርኩት ሁሉ እንደዚያ ቶሎ የያዙልኝ ቃል የለም።

ቀጥሎ ወላጆች ክፍል ገብተው የሚያዩበት ቀን መጣ። የኮሚቴው ሰብሳቢ አንድ ጎረቤቷን ይዛ መጣች፤ ጡረታ የወጡ መርከበኛ ናቸው፣ ስፓኒሽ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ነው። ልጆቹ ምን ያህል እንደተማሩ እንዲመሰክሩላት መሆኑ ነው። ልጆቹ አላሳፈሩኝም። ቆጠሩ፣ ዘመሩ፣ ካሳውንም ካራውንም አሳዩ። ሽማግሌው ራሳቸውን እየነቀነቁ ይሰማሉ። እፎይ ልል ስል ከኋላ የቆሙ ወላጆች ማውራት ጀመሩ። እመት ለምን ወገቧን ይዛ ተነሳችና፣ «ናላዬን አዞራችሁት!» አለቻቸው። ክፍሉ ሁሉ ተቀበላት። ወላጆቹ አጨበጨቡ።

ሽማግሌው ጠጋ ብለው በስፓኒሽ «ልጄ፣ ሰባ ዓመት የተናገርኩት ቋንቋ ነው፤ ይህችን ግን አላውቃትም። የየት አገር አነጋገር ናት?» አሉኝ። «የገጠር ናት» አልኩ። «የየትኛው ገጠር?» «የተራራማው።» ከዚያ «እንግዲህ ቋንቋ ሰፊ ነው» ብለው ወደ መቀመጫቸው ተመለሱ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ የጠዋቱ ክብ ላይ አብሬያቸው ምንጣፍ ላይ ተቀመጥኩና ነገርኳቸው። ስፓኒሽ አይደለም፣ የእናቴ ቤት ቋንቋ ነው፤ ትርጉሙም ደስ የሚል ጫጫታ አይደለም፣ ተናድጄ ነው የጮህኩባችሁ አልኩ። «ዋሸሽን ማለት ነው?» አለች እመት ለምን። አዎ አልኳት። «ለምን?» ፈርቼ አልኳት። «ትልቅ ሰው ይፈራል?» ይፈራል አልኳት። አንዱ «አህያዋስ ታውቅ ነበር?» ብሎ ሁሉም ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም። ለካስ ቤቷ ሄዳ በራሷ አጻጻፍ ጽፋ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋው ኖሯል፤ አባቷ ከሥራ ሲመጣ «ደስ የሚል ጫጫታ!» እያለች ትቀበለው ነበር። «ለአባዬ እኮ ነው የነገርኩት» አለችና እንባዋ ወረደ። ከዚያ ተነስታ ጥግ ሄደች። «ዛሬ ስፓኒሽ አልፈልግም።» እትዬ፣ ብዙ ልጅ ብሎኛል፤ እሷ ግን አንድም ቀን ብላኝ አታውቅም። በማግስቱም አልፈለገችም፣ በሳልስቱም። አለመፈለጓ ተከበረላት፤ እኔም ጋሪዬን እየገፋሁ በአጠገቧ አለፍኩ።

ለርዕሰ መምህርቷ ራሴ ሄጄ ተናገርኩ። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የማታውቅ ሴት ናት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ኮሚቴውም ከሌላ ከሚሰማ ካንቺ ይስማ» አለችኝ። የምናገረውን በማግስቱ ጠዋት በእረፍት ሰዓቴ፣ ጋሪዬ ላይ ተደግፌ ጻፍኩት። ስብሰባው ላይ ስሜ ሲጠራ ብድግ ብዬ አፌን ከፈትኩ፣ የወጣው ግን አየር ብቻ ነው። ሳልኩ፤ ምንም። ሰው ሁሉ የማለቅስ መሰለው። የሁለተኛ ክፍሉ አስተማሪ፣ ሲበዛ ኮስታራ ሰው ነው፣ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደና በወፍራም ድምፁ አነበበልኝ። የራስሽን ጥፋት በሰው ድምፅ መስማት እንዴት እንደሚከብድ! መርከበኛው ኋላ ወንበር ላይ ነበሩ። የሚሉት ካለ ተጠየቁ። «ልጆቹ ስፓኒሽ ይችላሉ። ሌላውን ሴትዮዋ ራሷ ተናግራለች» ብለው ተቀመጡ።

ሰብሳቢዋ «እውነቱን በመናገርሽ እናደንቅሻለን» አለችና ሥራዬን በግማሽ ቆረጠችው። ከሚቀጥለው ዓመት የአምስትና የስድስት ዓመቶቹ ከእኔ ጋር ይቀጥላሉ፤ ትልልቆቹ ወደ ታብሌት ይሄዳሉ። እመት ለምንም ከሚሄዱት ናት።

ሐኪሙ ዘንድ የሄድኩት በማግስቱ ነው። ከዚያ የሕመም ፈቃድ ወስጄ ዕቃዬን ለመሰብሰብ ትምህርት ቤት ብቅ ስል ልጅቷ ጋሪዬ ዘንድ መጣች። «እኔ አሁንም ተቀይሜሻለሁ» አለች አስቀድማ። ከዚያ ወረቀትና እርሳስ ዘረጋችልኝ። «በእናትሽ ቤት ፊደል ጻፊልኝ፤ አባዬን እውነተኛውን ላሳየው።» በትልልቁ ጻፍኩላት። ወረቀቱን አዟዙራ አየችውና «እነዚህ ፊደሎች ለምን እግር አላቸው?» አለችኝ። ምን ልበላት? መናገር አልችልም፤ ብችልም መልሱን አላውቀውም። ትከሻዬን ከፍ ዝቅ አደረግሁ። አጥፋ ኪሷ ከተተችውና ሄደች። ይቅር ብያለሁ አላለችኝም። አልጠበቅኩም።

አሁን እንግዲህ ዝም ብዬ ተቀምጫለሁ። ከዳቦ መሸጫው የምፈልገውን በጣቴ አሳያለሁ፤ አከራዬ ደንቆሮ የሆንኩ መስሏት ጆሮዬ ሥር ትጮሃለች። በሚመጣው ሐሙስ ይታያል፤ እባጩ ካልቀነሰ ቢላ ይገባዋል ተብያለሁ። ድምፄ ቢመለስ ወደዚያች ግማሽ ሥራ ልመለስ ወይስ ልተወው፣ እውነቴን ነው የማላውቀው። ልጆቹን ጠልቼ አይደለም። ደክሞኛል። እንቅልፍ የማያወጣው ድካም ነው። ዘጠኝ ዓመት በየእሁዱ «ደህና ነኝ» ስልሽ ግማሹን ውሸቴን ነበር፤ ልጆቹን ይቅርታ ከጠየቅኩ በኋላ አንቺን ሳልጠይቅ መቅረት ከበደኝ።

በይ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ለእማማ ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ስለ ጉሮሮዬ ግን ቢላውን አታንሺባት። ለጋሼ ከልብ የመነጨ ሰላምታዬ ይድረስ፤ መኪናው ተበላሸ ብለው እንዳይበሳጩ። ለትልቋ፣ አክስትሽ አልተቀየመችም በያት፤ መልእክቷን ሦስቴ ነው ያነበብኩት። የኮስታራው ወንድ ልጅሽ ጺም ከምር ከበቀለ ፎቶ ይላክልኝ። ለትንሿ ሁለቱን ጉንጮቿን። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችንንም እንዳትረሻት፤ ካልሲ እንዴት እንደሚሰፋ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ቤቱ ሁሉ ደህና ይሁንልኝ።

ላንቺ ደግሞ ሰላምታ ሳይሆን ጥያቄ ነው ያለኝ። እስከዛሬ ሳልመጣ የቀረሁት ሻንጣዬ ሳይሞላ፣ ወሬዬም ሳያምር ምን ፊት ይዤ እመጣለሁ እያልኩ ነው። ክረምት ላይ ባዶ እጄን፣ ምንም የምነግራችሁ ደግ ነገር ሳይኖረኝ፣ እንዲሁ ደክሞኝ ብመጣ፣ እትዬ፣ አልጋ ታነጥፊልኛለሽ?

ታናሽሽ

ከትምህርት ቤቱ ሁለት ፌርማታ ከምትርቀው ክፍሌ
መጋቢት 11 ቀን