ለእናትሽ ንገሪያት

ነቀምቴ፣ ሐሙስ የካቲት 10 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለብርቄ፣

እንደምን ከርመሻል? የሐረር አየር ተስማማሽ ወይ? ትምህርቱስ እንዴት ይዞሻል? እኔ ከእግሬ ቁርጥማት በስተቀር ደህና ነኝ። እናትሽም ደህና ናት፤ እስከዚህች ሰዓት ድረስ ማለቴ ነው። ይህን የምጽፍልሽ ፍርድ ቤት ከጠረጴዛዬ ሳልነሳ ነው። ዳኛው ወጥተዋል፣ ባለጉዳዩም ተበትኗል፤ እኔ ግን ወደ ቤት መሄድ ፈራሁ። አትሳቂብኝ። ሃምሳ ዓመት ሊደፍን ሁለት የቀረው ሰው የገዛ ደጁን ፈርቶ ወንበር ላይ ተጎልቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ከፍቼ የመጣ ቴሌግራም አለ። አጎትሽ ተክለጻድቅ ማክሰኞ ዐርፏል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የደረሰኝ። እናትሽ ደግሞ ከነገ ወዲያ ቅዳሜ በአውቶቡስ ወደ እሱ ልትሄድ ጓዟን አስራ ጨርሳለች። ለጥየቃ አይደለም፣ ጠቅልላ ነው። ወንድሟ መሞቱን አልሰማችም። የምነግራት እኔ ነኝ፤ ከእኔ ሌላ የሚያውቅ የለም።

እናትሽ ለምን እንዳኮረፈችኝ የምታውቂው ግማሹን ነው፤ ያን ጊዜ ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሽ። በ50 ሐምሌ የእናትሽ እናት፣ አያትሽ፣ ፍቼ ሲያርፉ ወሬው በሰው በኩል ደረሰኝ። እናትሽ ከተስቦ ተነስታ ግድግዳ ይዛ ነበር የምትራመደው። ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም፤ ይህን እኔ አላመጣሁትም፣ ያገር ደንብ ነው። ትንሽ ትበርታ አልኩ። በረታች። ዝናቡ ያባራ፣ መኪናው ሁሉ በአዲስ አበባው መንገድ አኖ ላይ ጭቃ ይዞት ብትሰማስ በየት ልትሄድ ነው አልኩ። ፍልሰታ ገባ፣ ጾሙ ይፈታ አልኩ። ለምክንያት ማን ብሎኝ! ስምንት ሳምንት ሞላ። በዚያ ሁሉ ጊዜ እናትሽ ለመስቀል ለእናቷ የምትልከውን ጋቢ ትፈትል ነበር። እየፈተለች ታንጎራጉራለች። አንድ ቀን ልቃቂቱን አንስታ አሳየችኝና «መሼ፣ ለእናቴ ይበቃታል አይደል?» አለችኝ። «ይበቃታል» አልኳት። እንዲህ አልኳት፣ ብርቄ፣ በዚህ አፌ።

መስከረም በገባ በሦስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ጎረቤት ሰብስቤ መርዶውን አስነገርኩ። ለቅሶው ጋብ ሲል ቀና ብላ «መቼ ሰማህ?» አለችኝ። «ሐምሌ ላይ» አልኩ። አርባው እንኳ አልፎ ነበር። ከዚያች ቀን ወዲህ ለእኔ ብላ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

በሳልስቱ እህል ቅመሺ ብላት ወደ አንቺ ዞራ «ለአባትሽ አልራበኝም በይው» አለች። እኔም ተናደድኩና «ለእናትሽ እንደፈቀደች በያት» አልኩሽ። በዚያው ቀረ። «ጫማውን በር ላይ ካልጣለ እግሩ አይገባለትም ወይ በይው» ስትልሽ አንቺ መጥተሽ «አባባ፣ እማዬ ጫማህን እባክህ ጥግ አድርግልኝ አለች» ትይኝ ነበር። እኔ እኮ እዚያው ነኝ፤ የእሷንም ሰምቻለሁ፣ የአንቺንም ሰምቻለሁ። የምመልሰው ግን ለአንቺኛው ነበር። እኛ ቤት ሰባት ዓመት የቆመው በዚያች በልጅነት ውሸትሽ ነው።

አንቺ ሐረር ስትሄጂ አፋችን አብሮሽ ሄደ። ሳምንት ሙሉ ዶሮ እሽ ከማለት በቀር የሰው ድምፅ አልተሰማም። ከዚያ እናትሽ መላ አገኘች። ፊደል እንደማታውቅ ታውቂያለሽ፤ ግድግዳው ላይ ያለው ፎቶግራፍሽ ፊት ትቀመጥና ለአንቺ ታወራለች፣ እኔ ከኋላዋ ሆኜ እጽፋለሁ። ጥቅምት ላይ ያ ያልታሰበ ዝናብ ሲመጣ «ብርቄ፣ ከአልጋዬ በላይ ቆርቆሮው ያፈሳል፣ ለአባትሽ ጻፊለት» አለችሽ። ጻፍኩና ላክሁት። በአኖ አድርጎ አዲስ አበባ፣ ከዚያ በባቡር ድሬዳዋ፣ ከዚያ አንቺ ዘንድ፤ መልስሽ እስኪመጣ ሃያ ስድስት ቀን ፈጀ። እስከዚያ መሰላል አላነሳሁም። ሳይነገረኝ እንዴት ልስማ? እሷም ባልዲ ደቅና ጠበቀች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኛ ቤት ሁለቱም አሉ።

እንዲህ ስጽፈው ራሴን ይገርመኛል። ንዴቷ እኮ አንድ ዓመትም የቆየ አይመስለኝም። የእኔማ ከወር አላለፈም። ከዚያ በኋላ የነበረው «ማን ይጀምር» ነው። እሱም ሲያልፍ እፍረት መጣ፤ ሦስት ዓመት ዝም ብለሽ በአራተኛው «ውሃ አቀብለኝ» ብትይ ያ ሦስት ዓመት ምን ነበር ሊባል ነው። በመጨረሻ ለመድነው። ጠባብ ጫማ እንኳ ይለመድ የለም?

ታኅሣሥ ላይ ፎቶግራፍሽ ፊት ተቀመጠችና «ለአባትሽ ንገሪው፣ የካቲት ላይ ጠቅልዬ ወንድሜ ዘንድ ልሄድ ነው። የሚለው ካለው ይበል» አለች። ቃል በቃል ጻፍኩት። የሃያ ሁለት ዓመት ጸሐፊ ነኝ፣ አንድ ፊደል አልሳትኩም። ከግርጌው የራሴን ጨመርኩ፤ «እንዳትሄድ ብሏል ብለሽ ለእናትሽ ንገሪያት» የሚለውን። አንቺ ደግሞ ምን ብለሽ መለስሽ? «አባባ፣ ይህን አላደርስም። ራስህ በላት። እኔ ደክሞኛል።» እውነትሽን ነው። ግን ደብዳቤሽን እንደ ልማዳችን ጮክ ብዬ ሳነብላት እዚያ መስመር ላይ ስደርስ ዘለልኩት። «ሰላምታዬ ለጎረቤት ሁሉ ይድረስ» ብዬ አጠፍኩት። እናትሽ ወደ ፎቶግራፍሽ እያየች ቆየች፣ ሌላም የሚነበብ ያለ መስሏት። በማግስቱ ሳጥኗን ከፍታ ልብሷን ታጣጥፍ ጀመር።

አሁን የምጽፍልሽን ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። ቴሌግራሙን ሳነብ ልቤ መጀመሪያ ያለው ነፍስ ይማር አይደለም። «እንግዲህ መሄጃ የላትም» ነው ያለው። ተክለጻድቅን እወደው ነበር፤ እናትሽን ሊሰጡኝ ሲያቅማሙ የተከራከረልኝ እሱ ነው። ሆኖም ልቤ ደስ አለው። አንድ ደቂቃም ብትሆን ደስ አለው። ከዚያ ደግሞ ሌላው ልማዴ መጣ፦ ዝም በል፣ ትሂድ፣ እዚያው ፍቼ ዘመድ ይነግራታል አለኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ ለእሷ አዝኜ የደበቅሁ ይመስለኝ ነበር። ለእሷ አይደለም። እኔ የፈራሁት ስትሰማ ፊቷን ማየት ነው።

ወረቀቱን ያነሳሁትም «ለእናትሽ ንገሪያት» ልልሽ ነበር፣ እጄ ለምዶ። ይህ ደብዳቤ አንቺ ዘንድ እስኪደርስ ግን እሷ ለቅሶው በር ላይ ከነጓዟ ቆማለች። እዚህ ላይ ላቁመው። ሲደርስብኝ የሆነውን እጽፋለሁ።

እሑድ የካቲት 13 ቀን

ሐሙስ ከቢሮ ወጥቼ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ቤት አይደለም፤ ጎረቤታችን ኦቦ ኢዶሳ ቤት ነው። ሚስቱ ድርቤ እናትሽን ስለምትወዳት እሷ ትነግርልኝ ብዬ ነው። ድርቤ ቴሌግራሙን ሰምታ አለቀሰችና «ኦቦ መሸሻ፣ ከአንተ ጋር እመጣለሁ፤ በአንተ ፋንታ ግን አልመጣም» አለችኝ። «ዋቃዮ! ሰባት ዓመት ልጅቱን አፍ አድርጋችሁ፣ አሁን ደግሞ እኔን?» ኢዶሳ ሊያለዝባት ሲሞክር «አንተ ደግሞ ዝም በል!» አለችው። እንዲህ ዓይኑን እያየች ሚስቱ ዝም በል የምትለውን ሰው ቀናሁበት።

ዓርብ ጎህ ሲቀድ ድርቤና ኢዶሳ አራት የማኅበር ሰዎች ይዘው በራችን ላይ ቆሙ። ትንሽ ጠብቁኝ ብዬ ብቻዬን ገባሁ። እናትሽ ለመንገዷ ቆሎ እየቆላች ነበር።

«የሺ» አልኳት።

ስሟን ብቻ ነው የጠራሁት። እጇ ቆመ። ወዲያው ገባት። እኔ ስሟን የምጠራው ሰው ሲሞት ብቻ መሆኑን አወቀች፣ ልጄ። ከሰው ተራ ወጥቼ ነበር ማለት ነው።

«ማን ነው?» አለችኝ። ለእኔ፣ ወደ እኔ ዞራ።

«ተክለጻድቅ።»

«መቼ ሰማህ?»

«ትናንት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ።»

«ትናንት» አለች ቀስ ብላ። ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ እኔም የፈራሁትን ፊቷን አየሁት። ከዚያ ጮኸች፤ ሰዎቹም ገቡ። ቆሎው ምድጃ ላይ አረረ።

ዓርብ አመሻሹ ላይ ለቀስተኛው ሲቀንስ አጠገቤ ቁጭ አለችና «ተክሌ ባይሞት ኖሮ ዝም ብለህ ልትሸኘኝ ነበር?» አለችኝ። አይደለም ማለት አማረኝ። «አላውቅም» አልኳት። ከጀመርኩ አይቀር ብዬ ያንን የልቤን ደስታም ነገርኳት። አፍጥጣ አየችኝና «ሰባት ዓመት ደብቀህ ደብቀህ፣ መደበቅ የነበረብህን አሁን ትነግረኛለህ?» አለች። ሳቀች፣ እውነቴን ነው ሳቀች፤ በሳቋ መሃል እንደገና ለቅሶው ያዛት። ምን እንደማደርግ ጠፍቶኝ ነጠላዋን አቀበልኳት።

ትናንት አውቶቡስ መናኸሪያ ሸኘኋት። አብሬሽ ልምጣ ስላት «አትምጣ። የወንድሜን ለቅሶ ለብቻው ላልቅሰው፤ አንተ ካለህ የአንተም ይደባለቅብኛል» አለች። ጠዋቱ ብርድ ነበር። ያንን ጋቢ ለብሳለች፤ ለእናቷ የፈተለችውን። ሰባት ዓመት ሳጥን ውስጥ ሲኖር አንድ ቀን እላይዋ ላይ አይቼው አላውቅም። ሳጥኗንም ጭናለች፤ ያሰረችውን ጓዝ አልፈታችውም። ትመለሻለሽ ወይ ልላት ስል ረዳቱ በር ዘጋ። በመስኮቱ ብቅ ብላ «የምትለው ካለህ ጻፍልኝ። ለብርቄ አይደለም፣ ለእኔ» አለችኝ።

«ማን ያነብልሻል?»

«የተክሌ ልጆች። ሰው ፊት ነው የሚነበበው፣ እንዳታሳፍረኝ!»

አውቶቡሱ የአኖን መንገድ ይዞ እስኪሰወር ቆሜ ቀረሁ።

ቤቱ ዛሬ ሌላ ዓይነት ዝም ብሏል። ለካ ለኩርፊያም ሰው ያስፈልጋል። የእሷ ዝምታ እኮ ድስት ያስቀምጣል፣ በር ይከፍታል፣ በሌላኛው ክፍል ያስላል። ይኸኛው ምንም አያደርግም። ምሳ ብቻዬን ስበላ ፎቶግራፍሽን ቀና ብዬ አየሁና «ለእናትሽ ጨው በዝቷል በያት» አልኩት። የምስር ወጡን የሠራሁት እኔው ነኝ።

ከቤተ ክርስቲያን ከተመለስኩ ጀምሮ ከዚህኛው ጎን ሌላ ወረቀት ዘርግቼ ተቀምጫለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው አቤቱታ ጽፌ፣ መበለቷንም ባላባቱንም በየቋንቋቸው አናግሬ፣ ለገዛ ሚስቴ የምለው ጠፋኝ። «ይድረስ ለየሺ» ብዬ ጀምሬዋለሁ። መጨረሻው ላይ «መቼ ትመጫለሽ» ብያለሁ። የቸገረኝ መሃሉ ነው። አንቺን ምን ልበላት ብዬ ልጠይቅሽ ብድግ አልኩና ተውኩት። ዓርብ ጠዋት የወጣችው አንዲት ቃል ሆዴ ውስጥ የያዝኳቸውን ሁሉ የምታወጣ መስሎኝ ነበር። አይደለም፤ እያንዳንዱ ለየብቻው ነው የሚወጣው።

እንግዲህ ልጄ፣ አሳርፌሻለሁ። ለእናትሽ የምትይው ካለሽ ፍቼ ጻፊላት፤ እኔም አላደርስም። ወንድሟን ነፍስ ይማር በያት፤ ይኸው፣ ደግሜ ላክሁሽ! ይቅር በይኝ። ይህን ከራስሽ በያት።

በልጅነትሽ ያሸከምንሽን እግዚአብሔር ከትከሻሽ ያውርድልሽ። የምትናገሪው የሚሰማልሽን ሰው ይስጥሽ፤ የተከፋሽ ቀን ደግሞ በዚያው ቀን የምትናገሪበትን አፍ። ከአስተማሪዎችሽ ፊት ሞገስ ይኑርሽ፣ ከብርድ ይጠብቅሽ፣ በጤና ያገናኘን።

አባትሽ
መሸሻ ተረፈ

ልረሳው ነበር፦ ከእናትሽ አልጋ በላይ ያለው ቆርቆሮ አሁንም በአንድ ጥግ ያፈሳል። ማንም ሳያዝዘኝ ነገ መሰላል እዋሳለሁ።