ከአሸዋቸው ያልተነቀሉት የሚስ ድሩ የሕይወት ታሪክ

በአባታቸው ስም ድሩሲላ ኮኖሊ፣ በትዳር ስማቸው ወይዘሮ ድሩሲላ ሪቨርስ፣ መንደሩ በሚጠራቸው ስም ሚስ ድሩ፣ ከአባታቸው ከኤሊ አጥማጁ ከአቶ ጄረማያ ኮኖሊና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሲሲሊን እ.ኤ.አ. መጋቢት 12 ቀን 1934 በኬይማን ደሴቶች፣ በትልቁ ደሴት ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ዊልክ ቤይ በተባለው መንደር ተወለዱ። የተወለዱበት ቤት አሁን እናንተ ከቆማችሁበት በስተግራ፣ የሆቴሉ መዋኛ ገንዳ ያለበት ቦታ ላይ ነበር። ይህ ታሪክ በቤተ ክርስቲያን ሳይሆን እዚሁ በመቃብሩ አፋፍ ላይ እንዲነበብ ያዘዙት ራሳቸው ናቸው። አንባቢው ድምፃቸውን ከፍ ያድርጉ፤ ከኋላ የቆሙት ዘመዶችም፣ ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጥለው ከበረንዳ የሚያዩን እንግዶችም ይስሙ።

ሚስ ድሩ ለወላጆቻቸው ሁለተኛ ልጅ ሲሆኑ፣ የሦስት ዓመት ታላቃቸው አቶ ሌምዩኤል ኮኖሊ ናቸው። ይህን ስም ያዙት፤ ደጋግሞ ይመጣል።

በ1941 መስከረም አባታቸው ኤሊ ለማጥመድ ወደ ኒካራጓ ደሴቶች በሸራ መርከብ ወጡ፤ መርከቧም ሰዎቿም አልተመለሱም። ወይዘሮ ሲሲሊን የሚቀብሩት አስከሬን ቢያጡ ባሕር ዳር ላይ ባዶ መቃብር አበጁ፤ ዙሪያውን በትልልቅ የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት ከበቡት። እዚህ ደሴት ላይ አካፋ የሚገባው አሸዋ ውስጥ ብቻ ነው፤ የቀረው ጫማ የሚቆርጥ ቋጥኝ ነውና ሙታናችን ከጥንት ጀምሮ የሚተኙት ባሕር ዳር ነው። ያን ቀን እናትየው ሁለቱን ልጆች ግራና ቀኝ ይዘው፣ «አባታችሁን ባሕር ወሰደብኝ። ከእንግዲህ ከኛ ቤት የሚሞት ሁሉ እዚህ ነው፣ አንድ ላይ ነው የሚተኛው። ማሉልኝ!» አሏቸው። ሁለቱም ማሉ። ሚስ ድሩ ሰባት ዓመታቸው ነበር፤ መሐላውን እስከ ዕለተ ሞታቸው አልረሱም።

በመንደሩ ትምህርት ቤት እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረው በዐሥራ ሦስት ዓመታቸው ወደ ገመድ ሥራ ገቡ። የዘንባባ ቅጠል ከጫካ አምጥተው ያደርቃሉ፣ ይሰነጥቃሉ፣ ይገምዳሉ። ከእግራቸው ሥር ትንኝ እንዲያባርር የሚጨስ የኮኮናት ልጣጭ በጣሳ ይቀመጣል። አንድ ጥቅል ገመድ ተሸክመው ሱቅ ሲሄዱ ዱቄት፣ ስኳርና ላምባ ይዘው ይመለሱ ነበር። ገመዳቸው በጃማይካ መርከበኞች ዘንድ ስም ነበረው፤ የሚስ ድሩ ገመድ ከጎተተ አይለቅም ይባል ነበር። ሴትዮዋም እንደ ገመዳቸው እንደ ነበሩ ከዚህ በታች ይታያል።

በ1952 ወይዘሮ ሲሲሊን ርስታቸውን አካፈሉ። የዚያን ዘመን ልማድ የታወቀ ነው፤ ካሳቫና ስኳር ድንች የሚያበቅለው የመሃል መሬት ለወንድ፣ ጨውና ትንኝ እንጂ ሌላ የማያፈራው ባሕር ዳር ለሴት ይሰጣል። ሴት ልጅን በባሕር ዳር መሸኘት በባዶ እጅ መሸኘት ነበር። ዛሬ የአንድ ክንድ አሸዋን ዋጋ የሚያውቅ ሁሉ በእናቶቻችን ይስቃል። አቶ ሌምዩኤል ግን ያኔ የሳቁት በእህታቸው ነበር። «ድሩ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! ትንኝ ወረስሽ እኮ። እያረባሽ ትሸጫለሻ!» አሏቸው። ሚስ ድሩም፣ «አንተ ካሳቫህን ቆፍር፤ እኔ እናቴ ደጅ ቁጭ ብዬ ነፋስ እቀበላለሁ» ብለው መለሱ። ወሰኑ ከባሕር ወይኑ ዛፍ እስከ ጥቁሩ ቋጥኝ ነበር። ወረቀት አልተጻፈም፤ መንደሩ ያውቀዋል ተባለ፣ አለቀ።

በ1955 ከመርከበኛው ከአቶ ዊልቦርን ሪቨርስ ጋር በሕግ ተጋብተው ቬርናንና ኦስሊንን ወለዱ። አቶ ዊልቦርን የደሴቱ ወንዶች ሁሉ እንደሚያደርጉት በባዕድ የጭነት መርከብ ተቀጥረው ከዓመት ዐሥራ አንዱን ወር ባሕር ላይ ነበሩ። መንደሩ የሴቶች መንደር ነበር፤ ጣሪያ የሚጠግኑት፣ ጀልባ የሚጎትቱት፣ ሙት የሚቀብሩት ሴቶች ነበሩ። ከቀሩት ጥቂት ወንዶች አንዱ አቶ ሌምዩኤል ሲሆኑ፣ መርከብ ላይ ሲወጡ የሚያጥወለውላቸው መሆኑ ጠቅሟቸዋል።

በ1974 መንግሥት የደሴቱን መሬት በካርታ ሊያሰፍር መኮንኖች ላከ። ጠረጴዛቸውን በትምህርት ቤቱ ደጅ ዘርግተው፣ ባለ ርስት ሁሉ ቀርቦ ይህ የኔ ነው እንዲል አዘዙ። በዚያው ሳምንት ወይዘሮ ሲሲሊን ግማሽ አካላቸው ሽባ ሆኖ ተኝተው ነበርና ሚስ ድሩ ከአልጋው ሥር አልተነሡም። አቶ ሌምዩኤል መጡ። እዚህ ላይ አንባቢው ሳይቸኩሉ ያንብቡ።

«አንቺ እማዬን ያዢ» አሉ። «ፀሐይ ላይ ተሰልፈሽ ምን ያደርግልሻል? የኔንም ያንቺንም እኔው አስመዘግባለሁ።»

«አንተ ካልክ እሺ። ከባሕር ወይኑ እስከ ጥቁሩ ቋጥኝ በላቸው፣ እንዳትረሳ።»

«አይ ድሩ! የገዛ ወንድምሽን ታስጠኚዋለሽ?»

አልረሱም። ከባሕር ወይኑ እስከ ጥቁሩ ቋጥኝ፣ አንድ ክንድ ሳያጎድሉ፣ በራሳቸው በሌምዩኤል ኮኖሊ ስም አስመዘገቡት። ምስክር የሚሆኑት ወንዶች ባሕር ላይ ነበሩ፤ ሴቶቹም ሰው እናቱ እያጣጣረች እህቱን ይዘርፋል ብለው አላሰቡም። ወይዘሮ ሲሲሊን ግንቦት 3 ቀን አርፈው እዚሁ ተቀበሩ። የመቃወሚያው ማስታወቂያ ፖስታ ቤት በር ላይ ተለጥፎ ሲከርም ሚስ ድሩ ሐዘን ላይ ነበሩ፤ በሩን ያየላቸው የለም። አቶ ሌምዩኤል ግን በየቀኑ እየመጡ አብረዋቸው አልቅሰዋል።

ነገሩ የታወቀው በ1978 ነው። ሚስ ድሩ ገመድ እየገመዱ ሳለ ዶዘር መጥቶ የእናታቸውን ቤት ግድግዳ ገፋው።

«ሌም! ይሄ ምንድን ነው?»

«ልማት ነው። ሆቴል እየሠራሁ ነው።»

«በእማዬ ቤት ላይ?»

«ምን ቤት አለ እዚህ? ኖራ የተቀባ እንጨት! ወረቀት ካለሽ አምጪ።»

ሚስ ድሩ በማግሥቱ ቆባቸውን አጥልቀው ጆርጅ ታውን ወርደው መዝገብ ቤት ገቡ። ጸሐፊዋ ካርታውን ዘርግታ፣ «እናቴ፣ የመቃወሚያው ጊዜ ካለፈ አራት ዓመት ሆነው። ምንም ማድረግ አይቻልም» አለቻቸው። አለቀሱ። ሲያለቅሱ ያየቻቸው የመጨረሻዋ ሰው ያቺ ጸሐፊ ናት። ከዚያ እንባቸውን ጠርገው ጣታቸውን ካርታው ላይ አሳረፉ።

«ይቺስ? ይቺ ትንሽዬ አራት ማዕዘን ምንድን ናት?»

ጸሐፊዋ ጎንበስ ብላ አነበበች። «የቤተሰብ መቃብር። ዐሥራ ሁለት ርምጃ በስድስት። አስተዳዳሪዋ ድሩሲላ ሪቨርስ። ከዋናው መንገድ እስከ መቃብሩ የእግር መንገድ አላት።» ቀና ብላ፣ «እርስዎ ነዎት እንዴ?» አለች።

ቀያሹ ሰውዬ በ1974 የቀንድ አውጣውን ቅርፊትና ትኩሱን አፈር አይቶ ጠባቂው ማነው ብሎ ጠይቆ ነበር። ሴቶቹም፣ «ሚስ ድሩ ናቸዋ! ሌላ ማን አለ?» ብለውት ጻፈው። አቶ ሌምዩኤል ደግሞ ሳያነቡ ፈረሙበት፤ መሬት ለመብላት የቸኮለ ሰው ካርታ አያነብም። ይባስ ብለው የሆቴሉን ምግብ አዳራሽ ልክ በዚያች የእግር መንገድ ላይ ገነቡት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ሚስ ድሩ ሞኝ አልነበሩም፤ ወረቀቷን ግን አርባ አንድ ዓመት ሙሉ አልለቀቁም።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሥራቸው ይህ ነበር። ሆቴሉ ባሕር ዳር ሰርግ በሚደግስበት ቅዳሜ ሁሉ ጥቁር ልብሳቸውን ለብሰው በምግብ አዳራሹ መሃል አልፈው እናታቸው መቃብር ላይ ተቀምጠው ገመድ ይገምዳሉ። በየአገሩ በስንት ሙሽሮች ፎቶግራፍ ላይ፣ ከአበባው ኋላ፣ ጥቁር ባርኔጣ ያደረጉ ሴትዮ እንዳሉ እግዜር ይወቀው። አጥር ቢተከልባቸው ፍየሎቻቸውን አመጡ። ገንዘብ ቢላክባቸው፣ «ሙት አይሸጥም፣ ወንድሜ ገና አልገባውም?» ብለው መለሱ። ገና ሲመጣ እንደ አገሩ ባህል፣ ከዋናው መንገድ ማዶ በገቡበት ግቢ የሚነሰነስ ነጭ አሸዋ ከባሕር ዳር በቅርጫት ይሸከማሉ፤ ግን በእራት ሰዓት፣ በጠረጴዛዎቹ መሃል፣ እያንጠባጠቡ። አንድ እንግዳ ምን እንደሚያደርጉ ቢጠይቃቸው፣ «ወንድሜ የሰረቀኝን በቅርጫት በቅርጫት እየመለስኩ ነው» አሉት። አቶ ሌምዩኤል አጠገቡ ቆመው ነበር።

ባለቤታቸው አቶ ዊልቦርን በ1991 አርፈው እዚሁ ተቀበሩ፤ ያን ቀን ሆቴሉ ሙዚቃውን እንዲዘጋ ተገደደ። ፓስተሩ ሚስ ድሩን ሊመክሩ ቢመጡ፣ «ፓስተር፣ ይቅርታ ለሚጠይቅ ነው የሚሰጠው። እስካሁን በሬን ያንኳኳ የለም» አሏቸው። በ2004ቱ ታላቅ ማዕበል የሆቴሉ ጣሪያ ሄደ፤ መቃብሮቹ ግን ከባሕር ሣር በታች እንደነበሩ ተገኙ። ሚስ ድሩ በሰባ ዓመታቸው በእጃቸው እየጠረጉ ዘፈኑ። ከመጠራረጉ ይልቅ ያዘፈናቸው ጣሪያው ነበር፤ ይህንንም አልደበቁም።

በመጨረሻ በ2016 በሩ ተንኳኳ። አቶ ሌምዩኤል ባለቤታቸው ሞተው፣ ልጆቻቸው ሆቴሉን ለባዕዳን ሸጠው ማያሚ ገብተው፣ የመሃሉም መሬት አልቆ፣ በኪራይ ክፍል ብቻቸውን ቀርተው ነበር። መቃብሩ ውስጥ የቀረው የሁለት ሰው ቦታ ብቻ ነበር፤ አንዱ የሚስ ድሩ ነው።

«ድሩ፣ ሰማንያ አምስት ሞላኝ። ያቺ የቀረችዋን… ከእማዬ ጋር እንድተኛ። ምለናል እኮ።»

«ወረቀት አለህ?» አሉ ሚስ ድሩ።

አቶ ሌምዩኤል አንገታቸውን ደፉ። ሚስ ድሩም የካሳቫ ኬክ ቆርሰው ሰጧቸውና፣ «አስብበታለሁ» አሉ። ሦስት ዓመት አሰቡበት። አቶ ሌምዩኤል በየእሑዱ እየመጡ ቢጠይቁ፣ በየእሑዱ፣ «እያሰብኩ ነው» ይሏቸው ነበር። ሆቴሉን ከማጣታቸው ይልቅ ያስረጇቸው እነዚያ እሑዶች ናቸው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ሚስ ድሩ በስኳርና በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው ጥቅምት 31 ቀን 2019 በተወለዱ በሰማንያ አምስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ዛሬ ጠዋት ሳጥናቸው በካርታቸው መንገድ፣ በምግብ አዳራሹ መሃል፣ ፓፓያና እንቁላል በተደረደረባቸው ጠረጴዛዎች መካከል አልፎ መጥቷል። ይህም በትእዛዛቸው ነው።

የሁለት ልጆች እናት፣ የአራት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። ከእነዚህ አንዷ ኬዚያ ይህን ታሪክ እሳቸው አልጋ ላይ ሆነው ሲነግሯት ጽፋለች። በሕይወት የተረፉ አንድ ወንድምም አላቸው።

ለኚህ ወንድማቸው የተዉት ኑዛዜ እንዲህ ይላል። «የቀረችው ቦታ ለሌም ትሁን፤ ለእናቴ ምያለሁ። ነገር ግን ይህን ታሪክ እሱ ራሱ፣ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው፣ በዘመድ ፊት ያንብበው። አንድ ቃል ከዘለለ ቦታዋ ለፍየሌ ናት። ወረቀቱን ለሁሉም አድሉ፣ እየተከታተሉ ይስሙት። ደግሞ ቦታዋ በእማዬ ራስጌ አይደለችም፤ በእኔ እግር ሥር፣ በሆቴሉ የፀሐይ አልጋዎች በኩል ናት። የሠራውን እያየ ይተኛ።»

እስካሁን ያነበቡላችሁ አቶ ሌምዩኤል ኮኖሊ ናቸው። ወረቀቱን የያዛችሁ ሁሉ እንዳያችሁት አንድም ቃል አልዘለሉም።

ባሕር አባታቸውን ቢወስድም አሸዋው ሚስ ድሩን ይያዝልን። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከእናታቸው ጎን ያሳርፍ፤ ለልጆቻቸውም መጽናናትን ይስጥ። አሁን አንባቢው መነጽራቸውን ያውልቁ፣ ወረቀቱን ይጠፉ፣ ወደ ሳጥኑ ዞረው በ1974 በትምህርት ቤቱ ደጅ ሊሉት የሚገባቸውን ይበሉ፤ ሕዝቡም አሜን ይበል።

«ከባሕር ወይኑ እስከ ጥቁሩ ቋጥኝ የእህቴ የድሩ ነው።»

አሜን።