ከእንግዳ ብርጭቆ ጀርባ

ማክሰኞ፣ የወሩ መጀመሪያ
ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ መኪና ውስጥ

ለማልጠግብሽ ልጄ፣ ለድንቡሼዬ፤

እንደ ደንቡ «እኛ ደህና ነን፣ አንቺ እንደምን አለሽ» ብዬ ብጀምር ደስ ባለኝ ነበር። ግን ልዋሽሽ አልፈልግም። እኔ ደህና ነኝ። እናትሽ ደግሞ «ደህና ነኝ» ትላለች። ሁለቱ አንድ እንዳልሆኑ አንቺም ታውቂያለሽ። ሆድሽስ እንዴት ነው? እግሬ ያብጣል ብለሽን ነበር። ባለቤትሽን አደራ በይልኝ፣ ከባድ ነገር እንዳያስነሳሽ።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፈው ትይ ይሆናል። ስልኩማ አለ፤ እናትሽም አለች። ገና «ሄሎ» ስትዪ ድምፅ ማጉያውን ከፍታ አጠገቤ ትቀመጣለች። ስለሷ አንድ ቃል ላወጣ ስል በክርኗ ጎኔን ትለኛለች። ባለፈው «አባዬ፣ ምን ሆነህ ነው ያቃሰትከው?» ያልሽኝ ለዚህ ነው። የልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን እህት ወደ እናንተ ስለምትመጣ ይህን በእጇ እሰድልሻለሁ። አንብበሽ ስትጨርሺ ቅደጂው። ስትደውዪም ደብዳቤ የሚባል ነገር እንዳይነሳ፤ ከተነሳ አለቀልኝ።

መኪና ውስጥ ምን ትሠራለህ ካልሽ፣ ሥራ ይዣለሁ። አትቆጪ። የተማሪዎች ሚኒባስ ነው፤ ጠዋት አደርሳቸዋለሁ፣ ከሰዓት እመልሳቸዋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ያን የሚያህል አውቶቡስ ስነዳ ኖሬ ይሄ ለኔ መጫወቻ ነው። ልጆቹ «ጋሼ ዝግታ» የሚል ስም አውጥተውልኛል። ይበሉኝ፤ ዝግ ብሎ የነዳ ሰው ቤቱ ይገባል።

ለምን በጡረታህ መሪ ጨበጥክ ትያለሽ። በእናትሽ መድኃኒት ምክንያት ነው። ሳንባዋ በዳቦ ቤቱ ጭስ እንደተጎዳ ታውቂያለሽ። ሲጋራ በእጇ ነክታ የማታውቅ ሴት፣ ዕድሜዋን ምድጃ አፍ ላይ ቆማ ዳቦውን ለሰው፣ ጭሱን ለራሷ አደረገችው። በሽታው ሥር የሰደደ ነው፣ ይያዛል እንጂ አይድንም አሉን። እስከ አምና ድረስ በዚያችው በሰማያዊዋ፣ ሲጨንቃት አፏ ውስጥ ፊስ በምታደርጋት ነበር የምትውለው። አምና ብርዱ ሲገባ ግን ሐኪሟ አዲስ መድኃኒት አዘዘችላት። ሐምራዊ ነው። አመማትም አላመማትም ጠዋትና ማታ የሚሳብ ነው። የፋርማሲው ልጅ ዋጋውን ሲነግረኝ «የአንዱን ነው የደርዘኑን?» ብዬ ጠየቅኩት። የአንዱን ነው አለኝ፣ ያውም የአንድ ወሩን። ጡረታዬ እሱን ከከፈለ በኋላ የሚተርፈው ለጨውም አይበቃም። አንቺ የምትልኪው አለ፤ ግን ልትወልጂ ነው፣ ካልተወለደ ልጅ ጉሮሮ መንጠቅ ደግሞ አልወድም። ስለዚህ ሚኒባሱ መጣ።

አጠቃቀሙን የተማርንበትን ቀን ብታዪ በሳቅ ትሞቺ ነበር፤ እኔ ግን በንዴት ልሞት ነበር። የፋርማሲው ልጅ «እማማ፣ መጀመሪያ ትንፋሽዎን ያስወጡ፣ ከዚያ አፍዎን በደንብ ገጥመው በረጅሙ ይሳቡ፣ ያዝ ያድርጉት» ይላታል። እናትሽ ሰው ፊት አፍ መክፈት ነውር ነው ብላ በእጇ ሸፈን አድርጋ፣ የሾርባ ጨው እንደሚቀምስ ሰው ትንሽ ቀመስ አደረገችው። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ያያል። «አሁን በውኃ ተጉመጥመጠው ይትፉት፤ ካልተፉት አፍዎ ውስጥ ነጭ ነገር ያወጣብዎታል» አላት። እሷ ውኃውን በአፏ እንደያዘች እኔን አየችኝ፣ ደረሰኙን አየች፣ ከዚያ ዋጥ።

«እማማ! ይትፉት እኮ ነው ያልኩዎት።»

«ልጄ፣ ዋጋውን ራስህ ነግረኸኝ? ይህን ሁሉ ገንዘብ ልትፋ?»

እንግዲህ የዚያን ቀን ነበር መንቃት የነበረብኝ። ቤታችንን ታውቂዋለሽ። የሶፋው ላስቲክ አንቺ ከመወለድሽ በፊት የገባ ነው፤ እስከ ዛሬ ከላስቲኩ በቀር ሶፋው ላይ የተቀመጠ ሰው የለም። ጥሩው አንሶላ ለእንግዳ፣ ጥሩው ብርድ ልብስ ለእንግዳ፣ ጥሩው ሳሙና ሽታው እስኪጠፋ ለእንግዳ። እኔ ይህን ሁሉ ችዬ ኖሬያለሁ። መድኃኒት ለእንግዳ ይቀመጣል ብሎ ግን ማን ያስባል?

በየወሩ ገዝቼ እሰጣታለሁ፣ «እግዜር ይስጥህ» ብላ ትቀበለኛለች። ጠዋት ጨለማ ሳይገፈፍ ስለምወጣ ስትወስድ አላያትም። ማታ «ወሰድሽ?» ስላት «መኝታ ቤት ወስጃለሁ» ትላለች። ትንፋሿ ግን ከቀን ቀን እየባሰ ሄደ። ከጓሮ ልብስ አስጥታ ስትመለስ በሩን ተደግፋ ትቆማለች፣ እንዳላይባትም በሩን የምትወለውል ትመስላለች። ያ በር የትም ሀገር የሌለ ንጹሕ በር ሆኗል።

ቀጠሮ ስንሄድ ሐኪሟ አዳምጣ አዳምጣ ፊቷ ጠቆረ። «መድኃኒቱ አልያዘላቸውም» አለችኝ። ሌላ፣ ከዚህ የሚበረታ አለ አለች። ዋጋውን ስትነግረኝ ወንበሩን ያዝኩት። ሚኒባሱን ራሱን ብሸጠው፣ ያውም የኔ አይደለም፣ ዓመት አያስኬደንም። እናትሽ አጠገቤ ቁጭ ብላ ጸጥ። ጸጥ! አንድ ቃል ወጥቷት ቢሆን ኖሮ!

በማግስቱ ልብስ ሰፊዋ ልትጠይቃት መጣች። እናትሽ አልጋ ላይ ሆና ትእዛዝ ትሰጣለች። «ቡፌውን ክፈት፣ የእንግዳውን ብርጭቆ አውጣ፣ የፊቶቹን ብቻ፣ ከኋላ ያለውን እንዳትነካ።» አሁን አንድን ሰው «ከኋላ ያለውን እንዳትነካ» ብለሽ ቁልፉን ትሰጪዋለሽ? እጄን ሰደድኩ። በንጹሕ መሐረብ የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። ፈታሁት። ልጄ፣ አምስት ካርቶን! ማኅተሙ ያልተነካ፣ እንደተገዛ! አንደኛው ብቻ ተከፍቷል፤ እሱም ሙሉ ነው ማለት ይቻላል። ኋላ ስጠይቃት ቀጠሮ ያለ ቀን ጠዋት ብቻ አንዴ ትስባለች ለካ። ሐኪሟ «ይወስዳሉ ወይ?» ስትላት «እወስዳለሁ» ብትል ውሸት እንዳይሆንባት!

ደሜ ፈላ። ብርጭቆውን ትቼ መሐረቡን እንደያዝኩ ገባሁ። ልብስ ሰፊዋ ፊቴን አይታ «ምድጃ ላይ የጣድኩት ነበር» ብላ ወጣች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እንዳትነካ አላልኩህም?»

«ሴትዮ፣ ይሄ ምንድን ነው!»

«ለቁም ነገር ያስቀመጥኩት ነው።»

«ከመተንፈስ የበለጠ ምን ቁም ነገር አለ?»

መጀመሪያ ሳይጨንቀኝ ምን ያስስበኛል አለች። ቀጥላ ልብስ ሰፊዋ ሱስ ይሆንብሻል ብላኛለች አለች። ሠላሳ ዓመት ሞተር ስንከባከብ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ዘይት የሚጨመረው ሞተሩ ከነደደ በኋላ አይደለም ብዬ ጮህኩ። ስጮህ አየችኝና በዚያች በተቆራረጠ ትንፋሿ «አንተ በዚህ ዕድሜህ ሌሊት እየተነሳህ ያመጣኸውን ዝም ብዬ አየር ላይ ልበትነው?» አለችኝ። ከዚያ አለቀሰች። ከዚያ እውነቱን ነገረችኝ።

ላንቺ ነው ያስቀመጠችው። ስትወልጂ ልትመጣልሽ። ባለፈው ስልክ ላይ «ፎቃችሁ ስንተኛ ነው? አሳንሰር አለው?» ስትልሽ ወሬ መስሎሽ «አራተኛ ነው፣ አሳንሰሩ ሁሌ ይበላሻል» አልሻት። ወሬ አልነበረም። ደረጃሽን እየለካች ነበር። ከመምጣቷ አንድ ሳምንት በፊት ጀምራ ጠዋት ማታ ልትስብ፣ ደረጃውን ቀጥ ብላ ልትወጣ፣ ልጁን ልታጥብ፣ አንቺን ልታርስ። «አማቼ ፊት እያለከለክሁ ልጅ ልቀፍ? እናቷ ለራሷም አትሆን ያስብለኛል» አለችኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው። እኔ ደግሞ ልቆጣት ገብቼ አብሬያት ሳለቅስ ተገኘሁ። እንዲህ ያለችውን ሴት ምን ያደርጓታል?

በበነጋው ካርቶኖቹን በፌስታል ይዤ ብቻዬን ሐኪሟ ጋ ሄድኩ። ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፍኳቸው። ሳቀች። ወዲያው ደግሞ መሳቋን ተወች። «እንግዲያው መድኃኒቱ አይደለም ያልሠራው» አለችኝ፤ ውዱ አሁኑኑ አያስፈልግም፣ ይሄንኑ በሥርዓት ትውሰድ አለች። ደስ ብሎኝ ልነሳ ስል «አባት፣ ቁጭ ይበሉ» አለችኝ። ሰው «ቁጭ ይበሉ» ሲባል መልካም ነገር ሰምቶ አያውቅም።

ባለፉት ወራት ከሳንባዋ የሄደው አይመለስም አለችኝ። መድኃኒቱ የቀረውን ይይዛል። በየቀኑ ከወሰደች ቤቷ ውስጥ ትንቀሳቀሳለች፣ ዝግ ብላ ሱቅ ደርሳ ትመለሳለች። አውሮፕላኑንና ደረጃውን ግን ይርሱት አለችኝ። «ለሳቸው እኔ ልንገራቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ጅሉ «አይ፣ እኔ እነግራታለሁ» ብዬ ወጣሁ።

አሁን መድኃኒቱ ከጥርስ ብሩሿ ጋር አንድ ኩባያ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። የቡፌው ቁልፍ እኔ ኪስ ገብቷል። ጠዋት ቀስቅሼያት አጠገቧ እቆማለሁ፣ ማታ እቆማለሁ፣ እንደ ተቆጣጣሪ። መትፋቱንም ለምዳለች፤ ስትተፋው ግን ዘመድ የምትቀብር ነው የምትመስለው። ነገሩ ግን ሠርቷል፣ ልጄ። ባለፈው እሁድ በጭቃ ጫማ ሳሎን ገባሁና ከጓዳ እስከ ደጅ እየተከተለች ሰደበችኝ። ሳታቋርጥ! በሩን ሳትደገፍ! እኔን ጨርሳ ወደ እናቴ ስትሻገር እንኳን ትንፋሽ አላጠራትም። ቆሜ በደስታ ሰማኋት። «ምን ያስገለፍጥሃል?» ብላ ሁለተኛ ጀመረች።

ችግሩ ይኸው ነው። ትንፋሿ ሲሻላት እናንተ ጋ እንደምትደርስ አመነች። ለሰፈሩ ሁሉ ተናግራለች። ለልጁ ሹራብ ጨርሳ አሁን ካልሲ ላይ ናት። እኔ ልነግራት ሞክሬያለሁ። አንድ ቀን ምሳ ላይ «ስሚ፣ ስለ መንገዱ…» ስል «እሱን ተወው፣ መስኮት አጠገብ ነው የምቀመጠው» አለችኝ። ሳህኔን አቀርቅሬ በላሁ። ፍሬን ተበጥሶብኝ ቁልቁለት ላይ አውቶቡስ ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ ይህቺን አንድ ነገር ግን መናገር አቃተኝ።

ስለዚህ አንቺ አግዢኝ። ስትደውዪ «እማዬ፣ እኔ ነኝ የምመጣው» በያት። የሚያርሰኝ፣ አይዞሽ የሚለኝ ሰው እዚህ የለኝም፣ እናቴ ቤት ነው መታረስ የምፈልገው በያት። ከወለድሽ በኋላ ከሆነም ሕፃኑ ጠንከር ሲል ይዘሽው ነይ፤ ሐኪምሽ መቼ እንደሚፈቅድልሽ ጠይቂ። ደረጃሽን አታንሺ፣ ሳንባዋን አታንሺ፣ እኔን ከነጭራሹ አታንሺ። እንዳኮረፈች ልጅ ሆነሽ ጠይቂያት፤ ላኮረፈ ልጅ እምቢ ብላ አታውቅም። ስለ ቲኬቱ አታስቢ፣ የልጆቹ ወላጆች ቅዳሜም ንዳልን ብለውኛል።

ቶሎ ደውዪ እንጂ። ትናንት ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣችው። አንዱ ጎማ ተሰብሯል፣ «ጠግንልኝ» አለችኝ። ዛሬ እነግራታለሁ ብዬ የወሰንኩት ያን ጊዜ ነበር። መፍቻዬን አመጣሁና ጠገንኩላት። ሳሎኑ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ጎተተችው፤ «ጎበዝ፣ አሁንማ ሳይከብደኝ እሄዳለሁ» አለችኝ።

ደወሉ ተደወለ፣ ልጆቹ እየወጡ ነው። ማርያም በሰላም ታገላግልሽ። ያንቺን ትንፋሽ ለልጅሽ፣ የልጅሽን ሳቅ ለእናትሽ እግዜር ያድርስልኝ።

የሚወድሽና መላው የጠፋው

አባትሽ