ለእጅ ሳይሆን ለዓይን የተመረጠው የደረጃ መደገፊያ

ለተከበሩ አቶ ጂብሪል
የካላክላው መኖሪያችን ኃላፊ
ካርቱም

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤናዎን እጠይቃለሁ፤ ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም የእኛን ደረጃ ረግጠው የማያውቁት እግሮችዎ እንደምን ከርመዋል? አል-ጣኢፍ ሰፈር በሰው ቤት ስንሠራ ውለን ማታ ላይኛው ፎቅ የምንገባው ሴቶች፣ ከእህታችን ከዘሃራ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። በስልክ ከ«ኢንሻአላህ» ሌላ መልስ ስላላገኘሁ፣ ምስጋናዬን በግቢው በር ላይ መለጠፍ ግድ ሆኖብኛል።

1. ለደረጃው መደገፊያ ስላሠሩልን እናመሰግናለን። ከጣራ ሥራ የተረፈውን ወፍራም ጠርብ አስመትተው፣ «እጃችን አይዞረውም» ብንልዎ፣ «ያላ! ወፍራም እንጨት ለቤት ግርማ ነው» አሉን። ግርማውን አየነው። ዘሃራ የታጠበ ልብስ ተሸክማ ስትወርድ እግሯ አዳለጣት፤ ጠርቡን ልትይዝ እጇን ብትሰድ መዳፏ ከላዩ ተንሸራተተ፤ የምትጨብጠው አጥታ እስከ ታች ተንከባለለች። የእጇ አንጓ ተሰበረ፤ አሠሪዎቿም ወዲያው ሌላ ሰው ተኩባት።

2. እኛው እንጨት ገበያ እንድንሄድ ስላበቁንም እናመሰግናለን። መጀመሪያ የገዛነው ቀጭን ነበርና ስንደገፈው ጎበጠ። መልሰን፣ ስንጨብጠው አውራ ጣታችን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር ሊገናኝ ጥቂት የሚቀረው ክብ እንጨት መረጥን፤ እጀ ትንሿም እጀ ትልቋም እየያዘች ሞከረችው። አለስልሰን፣ ጣት እንዲያልፍ ከግድግዳው አራቅ አድርገን መታነው። ዘሃራ በደህናው እጇ ይዛው ብቻዋን የወረደች ዕለት እልል አልን።

3. እርስዎ ግን ሥራ ላይ ሳለን መጥተው፣ «ያለ ፈቃድ ቤቱን አበላሻችሁ» ብለው ክቡን እንጨት አስነቅለው ወሰዱ፤ ጠርብዎንም መልሰው አስመቱ። ዘሃራ አሁን በመቀመጫዋ እየተንፏቀቀች ትወርዳለች። ሐሙስ ዕለት ግቢው ውስጥ ቆመው አይተዋት ሳቁ። ክቡር ሆይ፣ ለጠርቡ ምስጋና አላነሰብኝም፤ ለዚያ ሳቅ ግን የሚሆን ጨዋ ቃል ፈልጌ አጣሁ።

በግርማዎ ጥላ ሥር አጥንታችንን እየጠበቅን የምንኖር
ሙኒያ፣ ከላይኛው ፎቅ

ማስታወሻ፦ ይህን ልለጥፍ ስነሣ እናትዎ ወይዘሮ ሉጥፊያ ዘሃራን ሊጠይቁ መጡ፤ ትከሻዬን ይዘው ደረጃውን ወጡ። ሊመለሱ ሲሉ ጠርብዎን ዳበስ አድርገው፣ «ይህን ያስመታ ልጄ ከሆነ ራሱ መጥቶ ይንቀለው፤ እስከዚያ አልወርድም» ብለው በዘሃራ አልጋ ላይ ጋደም ብለዋል። የወሰዱትን እንጨት ይዘው ይምጡ፤ መዶሻ ከእኛ አለ።