ሳትጠወልግ የቀረችው ቲማቲም

አጎታችን ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከወንዙ ማዶ ባለው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ሰባተኛ ልጅ ስለነበሩ አልጋ አልደረሳቸውም፤ ያደጉት ጓሮ ነው ማለት ይቀላል። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። አስተማሪያቸው ጥፍራቸውን እያዩ ታጠብ እያሉ ስለሚመልሷቸው፣ ከጥቁር ሰሌዳው ይልቅ ከበሩ ጋር ነበር የሚተዋወቁት። «አባ ጭቃ» የሚለው ስም የወጣላቸው ያኔ ነው።

በሃያ ዓመታቸው ችግኝ ጣቢያ በጽዳት ተቀጠሩ። ጠርሙስ ሲያጥቡ፣ ተመራማሪዎቹን በጥያቄ ሲያደርቁ፣ የላቦራቶሪ ረዳት ሆኑ። በሃያ ስድስት ዓመታቸው አክስቴን አግብተው ሁለት ሴት ልጆች ወለዱ። ጋሼ የምንላቸው የአክስቴ ወንድም ቲማቲም አምራች ነበሩ፤ ከአጎቴ ጋር እጅና ጓንት ነበሩ።

ሥራቸውን ብዙ ሰው ስለማያውቅ ልንገራችሁ። ቲማቲምን በስሩ ገብቶ በሳምንት የሚያጠወልግ በሽታ አለ፤ መድኃኒት አይመልሰውም። አጎቴ ግን ማሳው ሁሉ ሲያልቅ አንዳንዴ አንዲት ተክል ቀጥ ብላ እንደምትቀር አዩ። ስሯ ላይ ያለው አፈር ደግ ባክቴሪያዎች የሞሉበት ነው፤ ቦታውን ቀድመው ስለሚይዙ በሽታው መግቢያ ያጣል። ያንን አፈር በውሃ በጥብጠው ችግኝ ስር ሲያፈሱ ችግኙ ይድናል።

ስህተታቸውንም ልናገር፤ የሞተ ሰው ሁሉ መልአክ ሲባል እሳቸው ራሳቸው ይስቁ ነበር። በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው ከአፈሩ ውስጥ አንድ ጉልበተኛ ባክቴሪያ ለዩ። ላቦራቶሪ ሳህን ላይ በሽታውን ብቻውን ደቆሰው። ሌሎቹን አጃቢ ናቸው ብለው ናቁና እሱን ብቻ አራብተው ለጋሼ ሰጡ። ጋሼም አምነው ማሳውን በሙሉ ተከሉበት። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን እኔ እንኳ አውቃለሁ፤ እሳቸው ረሱት። ጉልበተኛው እውነተኛ አፈር ላይ ብቻውን አልቻለም። በዘጠኝ ቀን ማሳው ጠውልጎ ተኛ። ጋሼ እርሻውን ለቀው መጋዘን ጠባቂ ሆኑ።

አጎቴ ይቅርታ ሊጠይቁ ሄዱ። ጋሼ «ማሳዬን የሙከራ ሳህን አደረግከው» ብለው በሩን ዘጉ። አስራ አንድ ዓመት አልተነጋገሩም።

ከዚያ በኋላ አጎቴ አንዱን ከአንዱ መለየት ተዉ። ባክቴሪያዎቹን ከነጓዛቸው፣ ከነጎረቤቶቻቸው አንድ ላይ አሳደጉ። ትንሿ ልጃቸው ስታገባ ከድግሱ ሹልክ ብለው ጠርሙሶቻቸውን ሊያዩ ሄዱ፤ አክስቴ ያን ቀን የተናገሩትን እዚህ ማንበብ አይቻልም። በመጨረሻ በታመመ አፈር ላይ፣ አራት ወቅት በተከታታይ፣ ችግኞቹ አልጠወለጉም።

አምና ሳንባቸው ታመመ። አልጋ ላይ ሆነው የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ ጋሼ መጥተው ችግኞቹን እንዲያዩ። ላክንባቸው፣ አልመጡም። አጎቴ ሊያርፉ ስድስት ቀን ሲቀራቸው ታላቋ ልጃቸው አርባ ችግኝ በሳጥን ይዛ ሄደች። ስትመለስ «ተቀበለሽ?» አሏት።

«በሩ ዝግ ነው አባዬ፤ ደጃፉ ላይ ትቼው መጣሁ» አለች።

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ ወዲያ ስለ ቲማቲም አላወሩም። ባለፈው ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ በስድሳ ሦስት ዓመታቸው አረፉ።

ትናንት ወንበር ልንዋስ ስንሄድ በጋሼ ደጃፍ አለፍን። ሳጥኑ ከቦታው አልተነሳም። ዝናብ ከጠፋ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ የችግኞቹ አፈር ግን እርጥብ ነው። ከመቼ ጀምሮ ውሃ እንደሚጠጡ አላወቅንም። አጎቴም አልሰሙም።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውንና የባለቤታቸውን ወንድም ትተው ሄደዋል። የመጨረሻው ይጻፍ አይጻፍ ብለን ቤት ውስጥ ተጨቃጭቀን ነበር። ተጽፏል።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ያገለገሉት አፈር ይቅለላቸው፤ ነፍሳቸውንም ፈጣሪ ብቻዋን አያድርጋት።