ያልጻፍኩትን አነበብኩላት

ሰኞ

የሃዋን ደብዳቤ አልጽፍም ብዬ መለስኳት የሚባለው ሐሰት ነው። ዛሬ ሽንኩርት ስገዛ ሁለት ሴቶች ከኋላዬ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። “ሙዋሊሙ ፈርታ ነው” አለች አንደኛዋ። እዚህ ኬንያ ብዙ ዘመን ስላስተማርኩ ሁሉም በስዋሂሊው ሙዋሊሙ፣ መምህር፣ ይለኛል። አልፈራሁም። አልመለስኳትምም። ባለፈው ሐሙስ ጽፌላታለሁ፤ በንጹሕ ወረቀት፣ አንድ ስርዝ ሳይኖርበት። ያደረግሁት ከወሬው የከፋ ነው።

ሃዋ የግመል ወተት ትሸጣለች። በስደተኝነታችን ዘመን ከአንድ ቧንቧ ውኃ ስንቀዳ ነው የተዋወቅነው። ልጇ ሰዓዳ ከሁለት ሕፃናት ጋር አገር ቤት ናት፤ በጦርነቱ በተከበበ ከተማ ውስጥ። ሃዋ ማንበብ አትችልም። ስለዚህ እንደ ልማዳችን አደረግን፦ እሷ ተናገረች፣ እኔ ጻፍኩ፣ መልሼ አነበብኩላት፣ አውራ ጣቷን የቀለም ስፖንጅ ላይ ተጭና ፈረመች። ደብዳቤው ናይሮቢ ላለው የአንዲት ኃያል አገር ኤምባሲ ነው። “ጦራችሁን ልካችሁ መንገዱን አስከፍቱልን” አለች።

ይህን አልጻፍኩም። በቦታው “እህልና መድኃኒት ላኩልን” ብዬ ጻፍኩ። ሳነብላት ግን የራሷን ቃል አነበብኩላት፤ ወረቀቱ ላይ የሌለውን፣ ወረቀቱን እያየሁ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

ማክሰኞ

ፖስታው ባለሆቴሉ መስፍን ዘንድ ነው። ዓርብ ከሰዓት በአውቶቡስ ናይሮቢ ይወርዳል፤ እሱ ነው የሚያደርሰው። ዛሬ ሆቴሉ ሻይ ልጠጣ ገባሁ። ቴሌቪዥኑ ስለ ጦርነቱ ያወራል፤ ክርክሩም ተነሣ።

“እማማ፣ የጎረቤት ቤት ሲቃጠል አጥር ተዘሎ ነው ውኃ የሚደፋው። ፈቃድ ይጠየቃል እንዴ?” አለ መስፍን።

“የገባው ሰውዬ አልወጣም ቢልስ?” አልኩት።

“መጀመሪያ እሳቱ ይጥፋ!”

“በባልዲው የያዘው ቤንዚን ቢሆንስ?”

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም በሰባ ስድስት ዓመቴ እንደ ተማሪ ደስ አለኝ። ቀና ስል ሃዋ የወተት ጀሪካኗን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

“አንቺ አገር፣ አገር ትያለሽ” አለችኝ። “እኔ ሰዓዳ ነው የምለው።” ከዚያ ወደ መስፍን ዞረች። “ግን ስማ፤ እንዲህ ብትከራከርም ቃሌን አልነካችም። ራሷ አንብባልኛለች። እንዲህ ያለ ሰው የት ይገኛል?”

ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ረቡዕ

ከቤት አልወጣሁም። ምክንያቶቼን ልጻፋቸው፤

ወንድሜ። አንዱ ኃያል ለአንዱ ወገን፣ ሌላው ለሌላው ጥይት ሲያቀብሉ ነው የሞተው። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር።

ጦር ከገባ ሰዓዳ ላይ ይብሳል ብዬ።

ኤምባሲው ለአንዲት ወተት ሻጭ ብሎ ጦር አይልክም። (ታዲያ ምን አስጨነቀኝ? ይህኛው ምክንያት አይደለም፣ ማመካኛ ነው።)

በልጅነቴ የቃል ጽሕፈት ላይ አንዲት ቃል የለወጠች ልጅ ጠጠር ላይ ትንበረከክ ነበር። እኔም በተራዬ ስንቱን ልጅ አንበረከክሁ። ማንም በሰው ቤት አይግባ የምለው እኔ በሰው ደብዳቤ ገባሁ። እሷ አቅም ስለሌላት፣ እኔ ስለማውቅላት። ኃያላኑም ሲገቡ እንዲሁ ሳይሉ አይቀሩም።

አመሻሽ ላይ ሃዋ ስልኳን ወደ ላይ አንሥታ እየሮጠች መጣች። ሰዓዳ መስመር አግኝታ ነበር፤ ድምፅዋ ከስልኩ ጎልቶ ይሰማል።

“እማ፣ ይምጡ። ማንም ይሁኑ፣ ብቻ ይምጡ። ሕፃናቱ…” ተቋረጠ።

“ሰማሽ?” አለችኝ ሃዋ እያለቀሰች። “ልክ እኛ እንደጻፍነው።”

እኛ አለች።

ሐሙስ

ነገርኳት። ጠዋት ጀሪካኖቿን ስታጥብ፣ ቆሜ፣ ሁሉንም።

ማጠቧን አላቆመችም። “አነበብሽልኝ እኮ” አለች።

“አዎ።”

“እኔ አፍሽን ነበር የማየው።”

ስለ ወንድሜ ልነግራት ጀመርኩ። እጇን አነሣች። “ወንድምሽን አውቀዋለሁ፣ ሃያ ጊዜ ነግረሽኛል። ለምን ያን ዕለት አልጽፍም አላልሽኝም? እንጣላ ነበር። ተጣልተን ሌላ ሰው እፈልግ ነበር።”

ሐሰት ነው ብዬ ያስተባበልኩት ወሬ እውነት ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

ልሄድ ስል ጠራችኝ። “ነገ በጠዋት ነይ። አንቺው ጻፊው፤ ጽሕፈትሽ ያምራል። የሚያነብልኝ ግን መስፍን ነው።”

“እሺ” አልኩ።

ፖስታውን ልወስድ ሆቴል ሄድኩ። “ምነው፣ ስሕተት ተገኘበት? ከእርስዎ እጅ?” አለ መስፍን እየሳቀ። “ተገኘበት” አልኩት። ሳቁን ዋጠው።

ጦሩ ይምጣ ወይስ አይምጣ፣ ዛሬም አላውቅም። መምጣታቸውን እፈራለሁ። ከትናንት ወዲህ ደግሞ አለመምጣታቸውንም እፈራለሁ።

ነገ መጀመሪያ የምሠራው፤

የቀድሞውን ደብዳቤ ለሃዋ መስጠት። ትቅደደው፣ ታስቀምጠው፣ እሷ ታውቃለች።

አዲሱን እንዳለችው መጻፍ። የራሴ ሐሳብ ካለኝ በራሴ ወረቀት፣ በራሴ ስም።

መስፍን ሲያነብ አፌን መዝጋት።

ከሁሉ በፊት ግን የቀለሙን ስፖንጅ ማርጠብ፤ ደርቋል። ባለፈው ሐሙስ አውራ ጣቷን ሁለት ጊዜ ነው የተጫነችው። ነገ አንድ ጊዜ ይብቃት።