የግራው ፔዳል

ይድረስ ለምወድዎትና ለምፈራዎት፣ ዛሬ ግን እሺ ለማልልዎት አባቴ፤

እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? እንቅልፍስ ይወስድዎታል? ከሁሉ በላይ ያ ቀኝ እጅዎ እንዴት ሆነ? ታላቅ እህቴ መደንዘዙ እንዳልለቀቀው፣ ማንኪያም አልጨብጥ እንዳለዎት ነግራኛለች። እማማስ ሳሏ ተሻላት? እኔ ከናፍቆታችሁና ከጥፍሬ ስር አልለቅ ካለው ግሪስ በቀር ደህና ነኝ። ባለቤቴም ደህና ነው፤ ጥበቃ አድሮ ሲመጣ ቁርሱን ሳይጨርስ ያንቀላፋል።

በስልክ አትነግሪኝም ነበር ወይ እንዳይሉኝ፣ በስልክማ ሞክሬ ነበር። ብስክሌቷን ሽጪያትና እረፊ ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉት። ደብዳቤ ግን አይዘጋም። እህቴም ስታነብልዎት አንድ መስመር እንዳትዘል አደራ ብያታለሁ።

ወሬውን ማን እንዳደረሰልዎት አውቃለሁ። ያገራችን ልጅ፣ ብስክሌት ጠጋኙ ነው። እዚህ ሁላችንም ፍሬን የለሽ ነው የምንለው፤ ፍሬን የሌለው ብስክሌቱ አይደለም፣ አፉ ነው። ልጅዎ ኮሪደር ላይ ብስክሌት ገልብጣ፣ እጅጌዋን ጠቅልላ፣ ግሪስ ተለቅልቃ ትውላለች፣ ሰው ሳቀባት ብሎ ደወለልዎት። እውነቱን ነው። ገልብጫለሁ፣ ተለቅልቄማለሁ። ለምን እንደሆነ ነው ያልነገረዎት።

ሥራዬን ያውቁታል። ቤት ለቤት እየዞርኩ ከአልጋ መነሳት ያቃታቸውን አረጋውያን አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ መድኃኒታቸውን እሰጣለሁ። የመጀመሪያዋ አሮጊት ገና ጎህ ሳይቀድ ትጠብቀኛለች፤ ካልደረስኩ እንደረጠበች ትቆያለች። በዚያ ሰዓት አውቶቡስ የለም። ብስክሌቷ እግሬ ናት፣ እግር ደግሞ አይሸጥም። በየጊዜው ጠጋኝ ቤት ላቁማትም አልችልም፣ ፍሬን የለሽ ነገ ካለ የሚቀጥለው ሳምንት ማለቱ ነው። ስለዚህ እኔው ጀመርኩ። ጎማዋ ሲተነፍስ የውስጡን ላስቲክ ልብስ ማጠቢያው ሳፋ ውስጥ እነክርና አረፋውን ተከትዬ ቀዳዳውን አገኘዋለሁ። ካቴናዋን የማጸዳው በባለቤቴ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ነው፤ አሮጌ አልነበረም እያለ እስካሁን ይከራከራል። አከራያችንም ኮሪደሬን አቆሸሽሽው ብላ ስትነጫነጭ ከርማ፣ ባለፈው የገበያ ጋሪዋን ጎማ ቅባት አድርጊልኝ ብላ መጣች።

ከዚያ የግራው ፔዳል ተነሳብኝ። መወላገድ ጀመረ፣ በረገጥኩት ቁጥርም ሲጥ ይላል። አዲስ ገዝቼ አሮጌውን ልፈታ ተቀመጥኩ። ብሎን ወደ ግራ ሲዞር ይላላል፣ ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል፤ ይህን የተማርኩት እርስዎ የበራችንን ማጠፊያ ሲያጠብቁ አጠገብዎ ቆሜ ነው። ወደ ግራ አዞርኩት፣ እምቢ አለ። መፍቻው ላይ የቧንቧ ቁራጭ ሰክቼ ተንጠለጠልኩበት። ባለቤቴም እንቅልፉን ትቶ ተደገፈበትና መፍቻው አምልጦ የጣቶቼን አንጓ ላጠው። ግራ ገባን።

ቢቸግረኝ ፍሬን የለሽ ዘንድ ወሰድኳት። ገና አንዴ አየት አድርጎ ዝገት በልቶታል፣ ከያዘው የብረት ክንድ ጋር ተቆርጦ ይጣላል አለኝ። ይልቅ ለቁርጥራጭ ብረት ሽጪልኝ፣ ይሄ የሴት ሥራ አይደለም ብሎ ጨመረበት። ለእርስዎ የደወለው ያን ዕለት ነው።

እየገፋሁ መለስኳት። ገልብጬ መሬት ላይ ቁጭ አልኩና መፍቻውን በግራ እጄ ያዝኩ። አዎ፣ በልጅነቴ በሻሽ ጠቅልለው ከወገቤ ጋር ያስሩት በነበረው እጄ። በቀኝሽ ብዪ፣ በቀኝሽ ጻፊ፣ ሰው ምን ይላል ይሉኝ ነበር። ስሜንም ትተው ግራኝ አሉኝ፣ እኔም አቤት አልኩ። እንግዲህ እልሄን ልወጣበት ብዬ ሰው ሁሉ ይጠብቃል በሚለው በኩል ገፋሁት። ቀጭ አለና ተላቀቀ።

ለካ የግራው ፔዳል የብሎን ጥርሱ ከሌላው ተገልብጦ ነው የተሠራው። እሱ ወደ ግራ ነው የሚጠብቀው። ልንፈታው ስንታገል ስናጠብቀው ከርመናል። ለምን እንዲህ እንደተሠራ እዚያው ተቀምጬ አሰብኩ፤ እንደ ቀኙ ቢሆን ኖሮ በረገጥኩት ቁጥር እየላላ መንገድ ላይ ወልቆ ይጥለኝ ነበር። አባባ፣ ሳቅኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ። አዲሱን ገጠምኩ፣ ወደ ግራ አጠበቅኩት፣ ይኸው እስከ ዛሬ ንቅንቅ አላለም።

በማግስቱ አሮጌውን ወስጄ ፍሬን የለሽ ፊት ጣል አደረግኩለት። እሱማ የግራ ጥርስ ነው፣ ማን የማያውቅ አለ አለኝ። ታዲያ ይቆረጥ ያልከኝ ምኑን ነው ስለው ሳል ያዘው። አፉ ፍሬን ሲይዝ ያን ቀን አየሁ።

እና አልሸጣትም። ግራም ነፈሰ ቀኝ፣ እኔው እፈታታለሁ፣ እኔው እገጥማታለሁ። ሰው ከሳቀ ይሳቅ፤ ጎማው የተነፈሰ ዕለት ኮሪደሬን ያውቀዋል። ቅር ቢልዎት ሆዴ ያዝናል፣ ግን ቃሌን አላጥፍም።

እማማን ጉልበቷን ሳሙልኝ፣ የሳሏን መድኃኒት ሳትጨርስ እንዳትተው። ታላቅ እህቴን ስለ ማንበቧ አመሰግናለሁ፤ ድምፅሽን ዝቅ አታድርጊ በሉልኝ። ታናሽ ወንድሜ ከእርስዎ ጋር እንደሚያብር አውቃለሁ፣ እሱንም ሰላም በሉት። ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊዋንም እንዲሁ።

እርስዎን መጨረሻ ያስቀረሁት አውቄ ነው። ቀኝዎ እምቢ ካለ ወዲህ በግራ መብላት ነውር ነው ብለው፣ እንግዳ ሲመጣ ሳህንዎን እየገፉ ጦምዎን ይውላሉ አሉ። እኔ በየቀኑ እንደ እርስዎ ያሉ ሰዎችን አበላለሁ፤ ጤነኛ እጅ እያላቸው በኩራት የሚራቡትን አይቻለሁ። ማንኪያውን በግራዎ ይያዙት፣ እንግዳም ይየው። መጀመሪያ ይፈስብዎታል፤ እኔም በቀኜ ስጀምር ፈሶብኛል። የእርስዎን ግን ማንም አያስረውም።

ቀኝም ግራም ያውልዎት።

ልጅዎ ግራኝ

ከኮሪደሩ፣ ከተገለበጠችው ብስክሌት አጠገብ
እሑድ ከሰዓት፣ ዝናቡ በጀመረበት ሳምንት